የጉልቤ ብልቃጥ

«በፈሳሹ ውስጥ አንድም የወንድ ዘር አልተገኘም» አሉ ሐኪሟ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየሰቀሉ።

ሹፌሩ ሳቁ መጣ፤ ቶሎ ብሎ ዋጠው። አጠገቡ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ እሱና እናቱ «በቅሎ» እያሉ ያዋረዷት ሴት፣ አንገቷን ቀስ ብላ ወደ እሱ አዞረች። ዓይኗ ውስጥ ርኅራኄ የሚባል ነገር አልነበረም።

ወይ ጉድ! ብልቃጡ እኮ የሱ አይደለም። የታናሽ ወንድሙ ነው፤ የበያጁ፣ ሰፈሩ በጡንቻው «ጉልቤ» የሚለው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ሚስቱ ሦስተኛውን አርግዛ አራተኛ ወሯን የያዘች። ባለፈው ሳምንት፣ ናሙናውን ቤት አዘጋጅቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማድረስ ይቻላል ሲባል፣ ሹፌሩ የራሱን ፈርቶ ወደ ወንድሙ ሮጠ። ጉልቤ እየተንከተከተ «ጋሼ፣ በዚህ መንታ ካልተወለደልህ ስሜን ቀይረው» ብሎ ሰጠው። እሱም እንዳይቀዘቅዝበት ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ እንደ ዶሮ አቅፎ አመጣው። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው የሚባለውን ረስቶ! ሐሳቡ አጭር ነበር፤ ጤነኛ ነህ የሚል ወረቀት ይወጣል፣ ጥፋቱ የሷ ይሆናል፣ ከዚያ ፈትቷት እናቱ ያጨችለትን ልጅ ያገባል።

«ተሳስታችሁ ይሆናላ!» አለ።

«እኛም ያንን ጠርጥረን ነው ሁለት ፕሮቲኖች የለካነው።» የሐኪሟ ድምፅ ደረቅ ነው። «አንዱ ዘሩ ከሚሠራበት ከቆለጥ ይመጣል፣ ሌላው ዘሩ ከሚያልፍበት ቱቦ። እዚህ ናሙና ውስጥ ሁለቱም የሉም ማለት ይቻላል። ይህ የሚያሳየው መንገዱ መዘጋቱን ነው። የብሽሽት ኦፕራሲዮን ቱቦውን ሊዘጋው ይችላል፤ ተደርገው ያውቃሉ?»

ሹፌሩ ክው አለ። ጉልቤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሁለተኛ ልጁ በተወለደ በወሩ፣ ከባድ ብረት አንስቶ ታመመና ግራና ቀኝ ብሽሽቱን ተቀደደ። ሆስፒታል ያደረሰው ራሱ ሹፌሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት፣ የጉልቤ ሚስት ሆድ ግን አራት ወሩ!

«አልተደረገም» አለች ሚስቱ በሱ ፈንታ። «ገላውን አውቀዋለሁ። ጭረት የለበትም።»

ሐኪሟ አተኩረው አዩት። «እንግዲያው ሌላ ናሙና እፈልጋለሁ። ዛሬ፣ እዚሁ።» ባዶ ብልቃጥ ሰጡት።

ኮሪደሩ ላይ ጉልቤ ይጠብቃል፤ ወሬውን ለእናታቸው ቀድሞ ለማድረስ ሥራ ትቶ ነው የመጣው። ገና ሲያያቸው «እህሳ! አለፍን?» አለ።

«አልፋችኋል» አለች ልብስ ሰፊዋ። ስምንት ዓመት የዋጠችው ምሬት አንዴ ገነፈለ። «ሂድና ለእናትህ ንገራት፤ በቅሎው ልጇ ነው። ከብልቃጡ አንድ ዘር አልተገኘም። ብሽሽቱን እንደተቀደደ ሰው መንገዱ ተዘግቷል፤ ፕሮቲኑ ሳይቀር መስክሯል። እንዲህ ያለ ወንድ ሚስቴ አረገዘች ብሎ ደስ ካለው፣ ጎረቤቱን ያመስግን!»

የጉልቤ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። እጁ ሳያውቀው ወደ ብሽሽቱ ወረደ።

«ጋሼ» አለ፣ ድምፁ ሰልሎ፤ «የማንን ነው የሰጠኸው?»

ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ወንድምየውን፣ ከዚያ ባሏን አየች።

«የማንን ማለት ምን ማለት ነው?»

ሹፌሩ እውነቱን ቢያወጣ ራሱ ነፃ ይወጣል። ጉልቤን ግን ያውቀዋል፤ እጁ ከአፉ ይቀድማል፣ ቤት ሲደርስ ሚስቱን በቃል አይጠይቃትም። ነፍሰ ጡር ሴት በዚያ እጅ ሥር ታየችው።

«የኔን ነው» አለ። «ያንተን ደፋሁት። ኅሊናዬ እምቢ ብሎኝ።»

ሚስቱ ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ። አብራው ስትኖር ኅሊናው እምቢ ሲለው አይታ አታውቅም።

«ኅሊናህ! ስምንት ዓመት የት ከርሞ ነው ዛሬ ብቅ ያለው? በል ግባና ድገመዋ። እኔና ወንድምህ እዚሁ ቆመን እንጠብቃለን።»

«አዎ፣ ይድገመው» አለ ጉልቤ ቡጢውን ጨብጦ። ዓይኑን ከወንድሙ ፊት አልነቀለም።

ሹፌሩ ጠባቧ ክፍል ገብቶ በሩን ቀረቀረ። ካገባ ጀምሮ፣ ልጅ ስጠኝ ብሎ ፈጣሪውን ሳይለምን የዋለበት ቀን አልነበረም። አሁን ብልቃጡን እንደጨበጠ ግንባሩን ከግድግዳው አስደገፈና፣ ውጭ ያሉት እንዳይሰሙት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንድም እንዳይገኝ» እያለ ይለምን ጀመር፤ «አምላኬ፣ አንድም።»