የጠዋቱ ካሴት

እንደ ወትሮው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በጓሮው በር ገባች። መብራቱን አበራች። ጠረጴዛ ላይ የተገለበጡትን ወንበሮች በዓይኗ ቃኘች፤ ኩሽና ብቅ ብላ ሽማግሌውን ምግብ አብሳይ ሰላም አለችው። ከዚያ ቢሮዋ ገብታ የቴፑን ቁልፍ ተጫነች።

ካሴቱ ላይ ያለው የሟች ባሏ ድምፅ ነው። የመጀመሪያ ቤታቸውን፣ ያቺን ባለ አራት ጠረጴዛ ጠባብ ክፍል፣ በከፈቱ ዕለት እንግዶቹን ሲቀበል የተቀዳ። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እሱን ሳትሰማ ሥራ ጀምራ አታውቅም። ዘንድሮ ግን ድምፁ እየራቀ ሄደባት። ካሴቱ አርጅቷል ብላ የቴፑን ድምፅ ጨመር አደረገችው፤ ሰንብታም እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ዛሬ አንድም ቃል አልለየችም።

«ሌላ ካሴት ላይ መገልበጥ አለበት» አለች ለራሷ።

በሙያው ያሉ ሰዎች «ጆሮ» ይሏታል። አራቱ ጠረጴዛዎች ሦስት የምግብና የሙዚቃ ቤት የሆኑት በዚያ ጆሮ ነው። ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረውን ዘፋኝ ከጓዳ አውጥታ መድረክ ላይ ስታቆመው፣ ከተማው ግልብጥ ብሎ ይመጣላት ነበር።

አራት ሰዓት ላይ ባንዱ ልምምድ ጀመረ። የአራተኛውን ቤት መክፈቻ አዲሷ ልጅ ትዝፈን አትዝፈን ዛሬ መወሰን አለባት። ከመድረኩ ፊት ተቀመጠች። የከበሮው ምት በወለሉ አልፎ እግሯ ሥር ደረሰ፤ የልጅቷን ከንፈር በዓይኗ ተከተለች። ሲያበቃ አጨበጨበች።

«የኔ ልጅ፣ ዛሬስ ድምፅሽ ጠርቶልሻል! መክፈቻው ያንቺ ነው።»

ጊታር መቺው ሳቁን ለቀቀው። «እትዬ ደግሞ ቀልድ ሲፈልጉ ይችሉበታል!»

ልጅቷ ግራ ተጋብታ አንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ ነካች። ወደ መድረኩ ጠርዝ ቀርባ ስትናገር ሴትየዋ ቃሉን ከከንፈሯ ለቀመችው። «ጉሮሮዬን አሞኝ እኮ ነው፣ እትዬ። አፌን ብቻ ነው ያንቀሳቀስኩት።»

ጊታር መቺው የእትዬን ፊት አየና ሳቁን ዋጠ።

«ቀልዴን ነው» አለች። ማንም አልሳቀም።

ቢሮዋ ስትመለስ ምግብ አብሳዩ ተከትሏት ገባ። ከአራቱ ጠረጴዛ ዘመን ጀምሮ አብሯት ያለ ሰው ነው።

«ካሴቱ ተበላሽቷል፣ አይደል ወንድሜ?»

ዞሮ ፊት ለፊቷ ቆመ። ለካ ዘንድሮ ሲያናግራት ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚቆመው።

«ኩሽና ድረስ ይሰማናል፣ እትዬ» አለ ቀስ ብሎ። «በቃላችን ይዘነዋል።»

ካሴቱን ወደ ኋላ አጠነጠነችና ቁልፉን ተጫነች። ምግብ አብሳዩ ጆሮውን ወደ ቴፑ ዘንበል አድርጎ፣ ከካሴቱ እኩል ከንፈሩን ያንቀሳቅስላት ጀመር።

«ግቡ፣ ግቡ። ወንበር ካነሰ እኔ እቆማለሁ።»

ከቃሉ አንድም አልጎደለም። ድምፁ የለም።