እማዬና የአውሮፓ በሮች

አባቷ ካሜራውን ጠረጴዛዋ ላይ ያስቀመጠላት ደረቱን ነፍቶ ነው። «በይ እንግዲህ፣ አሳምሪያቸው» አላት። ልጅቷ ፎቶ ቤት ተቀጥራ የሰው ሠርግና ምርቃት ስታሳምር የምትውል ናት፤ ብጉር ማጥፋት፣ የተጨፈነ ዓይን መግለጥ፣ ሙሽራው ጀርባ የቆመውን ያልተጠራ ሰው ማስወጣት ለእሷ ምንም አይደለም። አሁን ግን የመጣላት የገዛ ወላጆቿ ሥራ ነው። አውሮፓ የሚኖረው ወንድሟ ትኬት ልኮላቸው፣ የጎብኚዎች አውቶቡስ ላይ አሳፍሯቸው፣ ከአገር አገር ሲዞሩ ከርመው ትናንት ገቡ። ካሜራውን ያዋሰችው እሷ ናት። አነሳሱንም ያስተማረችው እሷው ናት።

እናቷ ደግሞ ሻንጣዋን እንኳ ሳትፈታ ዘመድ ጠርታለች፤ እሑድ ከሰዓት ሁሉም መጥቶ ፎቶ ያያል። ሁሉም ይባል እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ድግሱ ለአንድ ሰው ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ «እትዬ» ለሚላቸው ለእናቷ ታላቅ እህት። እትዬ አንድ ጊዜ ባሕር ማዶ ልጃቸውን ጠይቀው ከመጡ ወዲህ አልበማቸውን ይዘው ያልረገጡት ቤት የለም። እናቷ ያንን አልበም «እሰይ፣ ሲያምር!» እያለች፣ ውስጥ ውስጡን እያረረች፣ ስታገላብጥ ስንት ዓመት ኖራለች። አሁን ተራው የእሷ ነው። ሰማያዊ ቀሚስ ያሰፋችው፣ በየአደባባዩ ቆማ ጥርሷ እስኪደርቅ የሳቀችው ለዚች እሑድ ብላ ነው።

ልጅቷ ፎቶዎቹን ከፈተች። የመጀመሪያው በር ነው። ወፍራም እንጨት፣ ቅጠል የተቀረጸበት፣ መቼም ጥሩ በር ነው። ሁለተኛውም በር ነው። ሦስተኛው የበር ማጠፊያ ነው፣ ከአፍንጫ ሥር የተነሳ። ቀጠለች። በር፣ በር፣ መስኮት፣ አሁንም በር። እናቷስ? እናቷማ አለች፣ በየበሩ ጠርዝ ላይ። እዚህ ጋ ክርኗ፣ እዚያ ጋ የቀሚሷ ጫፍ፣ አንዱ ላይ ግማሽ ፊቷ ከነግማሽ ፈገግታው።

ይኸውላችሁ እንግዲህ፣ አባቷ አናጢ ነው።

«አባዬ! እማዬ የታለች?»

«ያቻትና» አላት አጎንብሶ በጣቱ እያሳየ።

«ይሄ'ኮ ክርን ነው!»

«ታዲያ የማን ክርን መሰለሽ?»

«ለምን መሃል አላደረግካትም?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ፣ ‹ዋናውን ነገር መሃል አድርግ› ብለሽ ያስተማርሽኝ? ያልሽኝን ነው ያደረግኩት።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። «እና እማዬን ምን ልታደርጋት አቆምካት?»

«ለልክ ነዋ! አጠገቡ ሰው ካልቆመ የበሩ ትልቅነት በምን ይታወቃል? የእናትሽን ቁመት ደግሞ ከሜትሬ አስበልጬ ነው የማምነው።»

መሳቅ አምሯት ነበር፤ ሰማያዊው ቀሚስ ትዝ ሲላት ግን ተወችው። ያቺ ሴት ያን ሁሉ አገር የሳቀችው ፎቶ የምትነሳ መስሏት ነው። ሜትር ሆና መክረሟን በምን አፏ ትነግራታለች?

ማንም ሳይሰማ እጠግነዋለሁ አለች። ሥራዋ አይደል? ከአንዱ ፎቶ ክንድ ወሰደች፣ ከሌላው ትከሻ፣ ከሌላው ጫማ። ሰው እጅ እግር የሌለው ሥራ ሲል ትሰማ ነበር፤ የእሷ ግን እጅ በዝቶበት ተበላሸ። ፊቱማ ይብስ። ሌላ ግማሽ ስላጣች ያለውን ገልብጣ ገጠመችው፤ እናቷ ቀኝ ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ምልክት አለች፣ አሁን ማርያም ተመልሳ መጥታ በግራውም የሳመቻት መሰለች።

«ይቺ ደግሞ ማን ናት?» የሚል ድምፅ ከጀርባዋ መጣ።

እናቷ ናት። መደበቂያ የለም። ልጅቷ እውነተኞቹን ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየቻት፤ እናቷም ወንበር ስባ እስከ መጨረሻው አየች።

«ቀሚሴስ?» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ። «አንዱም ላይ ሙሉውን አይታይም?»

እናቷ መልስ ሳትጠብቅ ተነሥታ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች፤ አባቷ እዚያ ጣውላ እየላገ ነበር።

«አንተ ሰው! ያን ሁሉ አገር ገትረህ ያሳቅከኝ ለበር ነው?»

አባቷ መላጊያውን አስቀመጠ። ነገሩ ገና አሁን ገባው፤ ፊቱ ላይ ይታያል። «እኔ'ኮ» አለ እየተንተባተበ፣ «በሩን ሁለተኛ ስለማላየው ነው ያነሳሁት። አንቺን ለማየት ካሜራ ምን ያደርግልኛል? ስትስቂ ቆሜ ሳይሽ ነው የከረምኩት።»

የእናቷ ቁጣ ግማሹ ወዴት እንደሄደ እሷም አላወቀችም። «ይሄን ለእትዬ ንገራት!» ብላ ገባች።

አባቷ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አንሥቶ ራሱን አከከበት። ከዚያ ልጁን ጠራት። «ያ መሥሪያ ቤትሽ ያለው፣ ግድግዳ ላይ የሚያበራው ነገር ይገኛል?»

«ፕሮጀክተሩ?»

«እሱን አምጪልኝ።»

እሑድ ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። እትዬ መሃል ሶፋ ላይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተሰይመዋል። አባቷ የሥራ መሰላሉን ሳሎን ድረስ አስገብቶ፣ አንሶላው ፊት የሚቆም ሰው ጥላ ወደ ታች እንዲወድቅ ብሎ ፕሮጀክተሩን አናቱ ላይ ሰቅሎታል። ያ ቅጠል የተቀረጸበት በር አንሶላው ላይ በራ፤ ጠርዙ ላይ ያቺ ክርን።

«ፎቶው ይሄ ነው?» አሉ እትዬ። «ሰውስ የለበትም?»

«አለበት» አለ አባቷ። ሰማያዊ ቀሚሷን የለበሰችውን ሚስቱን ግድግዳው ጋ አቆማት፤ ከዚያ መሰላሉን ወደ ኋላ ጎተተ፣ ትንሽ ወደ ፊት መለሰ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለካ። በሩ አደገ፣ አደገ፣ የእውነት በር አከለ። ግድግዳው ላይ ያለው ክርን የቆመችው ሴት ክንድ ጋ ሲደርስ ልክ ገጠመ። እናቷ ሙሉ ሆና፣ ቅጠሉ ቀሚሷ ላይ እያበራ፣ በሩ ፊት ቆመች።

ከዚያ ጭብጨባው ጣራውን ሊያነሳው ደረሰ።

«እዚህ ጋ» አለች እናቷ አንገቷን አቅንታ፣ «ንፋሱ ለጉድ ነበር! ቀሚሴን በሁለት እጄ ይዤ ነው የቆምኩት።» እያንዳንዱ በር ሲመጣ እየተጠጋች የጎደለውን ራሷ ሞላች፤ የአልበም ፎቶ የማይናገረውን ሁሉ ተናገረች። እትዬ መጀመሪያ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ቀጥሎ አንገታቸውን አሰገጉ፣ በመጨረሻ ቦርሳቸውን ሶፋው ላይ ትተው ብድግ አሉ።

«እስቲ ዞር በይልኝ፣ እኔም ልግባ!»

«ቀስ በይ እትዬ፣ ደረጃ አለው» ስትላቸው፣ እትዬ የሌለውን ደረጃ እግራቸውን አንሥተው ተሻገሩ። ቤቱ በሳቅ ፍርስ አለ። ከዚያማ ማን ይቀመጥ! ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሁሉም ተሰልፎ አውሮፓ ገባ። የእናቷ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ልጅቷ ካሜራዋን ይዛ ሁሉንም ስታነሳ፣ እናቷ መሰላሉን ወደያዘው ሰው ዞረች። «አንተም ና።»

«እኔ ይሄን ልያዝ...»

«ና አልኩህ! ከዚያ ሁሉ አገር አንድም ቦታ አጠገቤ አልቆምክም።»

መጣ። ሸሚዙ ላይ የተጣበቀውን ፍቅፋቂ እያራገፈ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ አፍሮ፣ አጠገቧ ቆመ።

«አባዬ፣ ወደ ካሜራው እይ!» አለች ልጅቷ።

አላየም። ብርሃኑ ፊቷ ላይ ያረፈባትን ሚስቱን ነበር የሚያየው። ልጅቷ ደግማ ልትጠራው ስትል እናቷ እጇን አወዛወዘችላት።

«ተይው» አለቻት፣ «እንዲሁ አንሺን።»