ያላመመው እግር

ሂክማ ካልሲውን ብትስበው አልወልቅ አላት። ከሥር ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ፋሻ ለብ ባለ ውሃ እየነከረች ለጥቂት ደቂቃ አራሰችውና፣ ዳር ዳሩን በመቀስ እየቀደደች ቀስ ብላ አላቀቀችው። ካልሲው የቆዳ ቁራጭ ይዞ መጣ። እሷ ጥርሷን ነከሰች። የእግሩ ባለቤት ግን ብርቱካን እየላጡ ነበር።

«አላመመዎትም?»

«ምንም» አሉ ፈገግ ብለው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ቦታ አላመመኝም። እነዚህ ጎረምሶች ሁሉ ሲያነክሱ እኔ ሰላም ነኝ።»

ለእሳቸው የምሥራች ነበር። ለሂክማ ግን አልነበረም።

የእግር ጉዞው ማልዶ ከፓሲፊካ ከተማ ተነሥቶ፣ የውቅያኖሱን ዳር ይዞ እስከ ሃፍ ሙን ቤይ ይሄዳል፤ አሥራ ስምንት ማይል። የተዘጋጀው የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሕመምተኞችን ከቤታቸው ወደ ሕክምና በነፃ ለሚያመላልስ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው። ሂክማ ሳን ሆዜ ውስጥ በአንድ የኩላሊት እጥበት ማዕከል ነርስ ናት። ማኅበሩን የምታውቀው በማለዳ ሕመምተኞቿን ደግፈው በር ላይ በሚያደርሱላት ሽማግሌዎች ነው። ዛሬ አሥራ ሦስተኛው ማይል ላይ፣ የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ከሚቆሙበት ወደብ አጠገብ፣ እግር የሚታይበት ድንኳን ውስጥ ተመድባለች። እስካሁን ከአርባ በላይ ሰው አስተናግዳለች፤ ውሃ የቋጠረ ጣት፣ የተላጠ ተረከዝ፣ የተሰበረ ጥፍር። ይህን የመሰለ ግን አላየችም። ከአውራ ጣቱ ሥር፣ ውስጥ እግሩ ላይ፣ ውሃ የቋጠረው ፈንድቶ ጉድጓድ ሆኗል፤ ጉድጓዱም መሐሉ ጠቁሯል። የዛሬ ብቻ አይመስልም።

ሰውየው ጋሽ ገብረ ሥላሴ ይባላሉ። ደረቷ ላይ የተጻፈውን ስም አንብበው በአማርኛ ሰላም ያሏት እሳቸው ናቸው። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው። ሸሚዛቸውን በወጉ ሱሪያቸው ውስጥ ከተዋል፤ ከአሥራ ሦስት ማይል በኋላም ፀጉራቸው እንደተበጠረ ነው። ልጃቸው መቅዲ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ የውሃ ኮዳቸውን ትሞላለች። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት።

«ጋሼ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?»

በዓይናቸው ወደ ልጃቸው ጠቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትንሽ። ኪኒን እወስዳለሁ፤ አንዳንዴ ይረሳኛል።»

«ቤተሰብዎ ያውቃል?»

«ዓለምፀሐይ የራሷ ይበቃታል።»

ዓለምፀሐይ ባለቤታቸው ናቸው። በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊታቸውን ይታጠባሉ። ጋሽ ገብረ ሥላሴ ኦክላንድ፣ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ያለ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራሉ። እሳቸው ከሥራ የሚወጡት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የባለቤታቸው ቀጠሮ ደግሞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል ላይ።

«ሃዋርድ የሚባል ጡረታ የወጣ አስተማሪ አለ» አሉ፣ ብርቱካኑን ከፍለው ግማሹን እያቀበሏት። «አምስት ዓመት ሙሉ በመኪናው ሲያመላልሳት አንድ ቀን አላጎደለባትም። ያ የሰደድ እሳት ጭስ ሰማዩን ቀይ ባደረገው ቀን እንኳ መጣ። ምን ላድርግልህ ስለው ምንም አይልም። ዘንድሮ አጥብቄ ስይዘው፣ በዓመት አንዴ የእግር ጉዞ አለን፣ ና አለኝ። ይኸው መጣሁ።»

«ተለማምደዋል?»

«ከሥራ ስወጣ ሐይቁን ሦስት ጊዜ እዞረዋለሁ። አራት ወር ሆነኝ።»

ሂክማ በልቧ አሰላችው። ሌሊቱን ሙሉ ቆመው አድረው፣ ሌላው ሰው ቁርሱን ሳይበላ አሥር ማይል። ደግሞ በዚህ እግር። ይህን የሚያህል ሰው ቁም ማለት ከበዳት። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ቁስሉ የሚያሰጋ ከሆነ ተጓዡ ደረት ላይ የተሰካው የቁጥር ወረቀት በቀይ ይሰረዝና መኪና ይጠራል። የምትወስነውም እሷ ናት። ነገር ግን የቀረው አምስት ማይል ብቻ ነው።

ያሰበችውን ያወቁ ይመስል፣ «ጠቅልለሽ ልቀቂኝ ልጄ» አሉ። «ዓለምፀሐይ መጨረሻው ላይ ከሃዋርድ ጋር ወንበር ይዛ እየጠበቀችኝ ነው። ተራምጄ ስደርስ ትየኝ።»

ሂክማ የግራ እግራቸውን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ሰላሳ ዓመት አልሞላትም፤ ለእሳቸው ልጅ ናት። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጋሼ፣ ቢያምዎት ኖሮ ጠቅልዬ እለቅዎት ነበር። ያስፈራኝ ስላላመመዎት ነው። ስኳሩ የእግርዎን ስሜት ወስዶታል።»

«ማለት?»

ስልኳን አወጣችና ውስጥ እግራቸውን ፎቶ አንሥታ ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አጠለቁ። ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት።

«የኔ ነው?»

«የእርስዎ ነው።»

መቅዲ ኮዳውን ይዛ መጥታ በትከሻቸው በኩል አየች። «ዳድ፣ ዩ ሴድ ዩ ወር ፋይን» አለች በቀስታ። ደህና ነኝ ብለዋት ነበር፤ ስልኩን ለሂክማ መለሱ።

«እኔ በምሠራበት ክፍል አሥር ወንበር አለ» አለች ሂክማ። «ሦስቱ ላይ የሚቀመጡት እግራቸውን ያጡ ናቸው። ሦስቱም የነገሩኝ አንድ ነገር ነው። ትንሽ ቁስል ነበረች፣ አላመመኝም፣ አሉኝ። ይሄ አሁን ከታከመ ይድናል። አምስት ማይል ከረገጡበት ግን እኔ እንጃ።»

ጋሽ ገብረ ሥላሴ ወደ ባሕሩ ዞሩ። ጉሙ ተገፍፎ ጀልባዎቹ ይታያሉ። መንገደኞች እየሳቁ በድንኳኑ ደጃፍ ያልፋሉ። ሂክማ ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ወይ ልመና። አልመጣም።

«እኔ ከተኛሁ» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «ያቺ ሴትዮ ሁለት በሽተኛ ልታስታምም ነው።»

ሂክማ ቀዩን እስክሪብቶ አነሣች። እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት።

«አትሰርዢው። እኔው ልፍታው።»

አራቱን መርፌ ቁልፎች አንድ በአንድ ከደረታቸው ፈትተው መዳፏ ላይ አኖሩላት። ወረቀቱን አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ቀና አሉ።

«በይ አንቺ ቀጥዪ።»

«ኖ ዌይ። አይም ስቴይንግ ዊዝ ዩ» አለች፣ አብራቸው ልትቀር።

«ከኛ ቤት አንድ ሰው ይድረስ እንጂ። እግርሽን ያምሻል?»

«በጣም» አለች፣ በአማርኛ።

«እንግዲያው ደህና ነሽ። ሂጂ።»

መቅዲን ሳቅም ለቅሶም መጣባት። ጎንበስ ብላ ግንባራቸውን ሳመችና ወጣች። ሂክማ በድንኳኑ መጋረጃ ቀዳዳ በዓይኗ ተከተለቻት። መጀመሪያ ታነክስ ነበር፣ ኋላ እርምጃዋ ተስተካከለ፤ ወደ ኋላ አልዞረችም።

ሂክማ ቁስሉን አጥባ ስትሸፍነው ጋሽ ገብረ ሥላሴ ስልካቸውን አወጡ። ዛሬውኑ ሐኪም ሊያየው እንደሚገባ፣ ነገ እንደማይባል ነግራቸዋለች። መኪና ልጥራልዎት ብትላቸው፣ አስቀድሜ ለእሷ ልንገራት አሉ። ጣታቸው የባለቤታቸው ስም ላይ ቆሞ ትንሽ ዘገየ። ሲነኩት ጥሪው በድምፅ ማጉያ ወጣ።

«የት ደረስክ?» አሉ ዓለምፀሐይ። ከኋላቸው ጭብጨባ ይሰማል።

«ዓለሜ፣ አቆምኩ። እግሬ ቆስሏል። ስኳሩ ነው። ኪኒኑንም በደንብ አልወስድም ነበር። እንዳትጨነቂ ብዬ ደበቅኩሽ።»

ጭብጨባው ራቀ፤ ወደ ጥግ የሄዱ ይመስላል።

«ኪኒኑ እንደማይጎድል አይቻለሁ» አሉ ዓለምፀሐይ። «ብልቃጡ ያለበትን መሳቢያ የማጸዳው እኔ አይደለሁ? ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ ነው።»

«እና ለምን ዝም አልሽ?»

«እንዳላሳፍርህ። ሁለታችንም ሞኞች ነን። ማን አለ አጠገብህ?»

«አንዲት ነርስ። የኛ ልጅ ናት።»

«የምትልህን ስማ። ከዚያ ንቅንቅ እንዳትል፤ ከሃዋርድ ጋር መጣን። ሐኪም ቤት እኛ እናደርስሃለን።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ገብረ ሥላሴ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። ሂክማ እንዳላየች ሆና ፋሻውን አሰረች። ብዙ ሰው በሕመም ሲበረታ አይታለች። ሳያመው «በቃኝ» የሚል ሰው ግን የዛሬው የመጀመሪያዋ ነበር።

ሥራዋን ጨርሳ ጓንቷን ልታወልቅ ስትል ጋሽ ገብረ ሥላሴ ወደ መሬት ጎንበስ አሉ። የቀኝ ጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ።

«ይኼኛውም አላመመኝም» አሉ። «እስቲ እይልኝ።»