ዶሮ ተብሎ የተመዘገበው ኤሊ

ሰዓት ሠሪው ነገሩ የምር መሆኑ የገባው በሦስተኛው ቀን ነው። ሻለቃ ሰላጣውን ዞር ብሎም አላየው። ሻለቃ ኤሊ ነው። የሰዓት ሠሪው ልጅ በሰባት ዓመቷ ከትምህርት ቤት ጓደኛዋ ተቀብላ፣ በጫማ ካርቶን ይዛው መጣች፤ ይኸው ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በሲሚንቶው ግቢ ውስጥ ሲንጎማለል ኖረ። አረማመዱ ሰልፍ የሚጎበኝ መኮንን ይመስላል ብላ ስሙን ያወጣችለትም እሷው ናት። ባለፈው ዓመት ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ "አባዬ፣ አደራ ሻለቃን" ብላው ነበር።

መብላት ማቆሙ ብቻ ቢሆን ደግ። ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል። ጥግ ሲደርስ ጀርባውን ይሰጥና በኋላ እግሮቹ ሲሚንቶውን ይቧጥጣል፤ ይተወዋል፤ ሌላ ጥግ ሄዶ እንደገና ይጀምራል። ሰዓት ሠሪው የቆመ ሰዓት ከፍቶ ጥፋቱ የትኛዋ ጥርስ ላይ እንደሆነ በአንድ ዓይኑ የሚለይ ሰው ነው። ይሄን ግን በየት በኩል ይክፈተው? አንስቶ ጆሮውን ከቅርፊቱ ላይ ለጠፈ። የሆነ ምት የሰማ መሰለው፤ የኤሊው ይሁን የራሱ መለየት ግን አቃተው።

የሱቅ ጎረቤቱ ጠጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ከነሳሙናው ትቶ መጣ። "እርጅና ነው" ብሎ ፈረደ። "ዐሥራ ስምንት ዓመት ቀልድ መሰለህ?"

ማዶ ያለችው የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት በዚህ ሳቀች። "ኤሊ እኮ ከሰው በላይ ይኖራል፤ ይሄ ገና ጎረምሳ ነው። ትል ነው የያዘው፤ የትል መድኃኒት ስጠው።"

"ስንት ልስጠው?"

"እሱንማ እኔ እንጃ። እኔ የማውቀው የሰው ነው።"

አንዱ ሽማግሌ፣ አንዷ ጎረምሳ ሲሉት ሰዓት ሠሪው ግራ ገባው። ሻለቃን በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አድርጎ፣ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ አዲስ ወደተከፈተው የቤት እንስሳት ክሊኒክ ሄደ። ወለሉ እንደ መስታወት ፊት ያሳያል።

"ዝርያው?" አለች እንግዳ ተቀባይዋ፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳትል።

"ኤሊ።"

"እሱማ ገብቶኛል፣ የኤሊ ምኑ ነው? ይናከሳል? ክትባቱን ጨርሷል? የክትባት ደብተሩን ይዘዋል?"

ለኤሊ ደብተር መኖሩን ሰዓት ሠሪው ያን ዕለት ሰማ። "ብቻ አይበላም" አላት።

ካርድ፣ ምርመራ፣ ራጅ፣ የደም፣ በዚያ ላይ ለ"ልዩ እንስሳት" የሚጨመር አለ። ድምሩን ስትነግረው የተሳሳተች መሰለው፤ ደግማ ስትነግረው ያው ነው። ከሱቁ የሁለት ወር ኪራይ ይበልጣል።

"ከነመድኃኒቱ ነው?"

"መድኃኒቱ እንደ በሽታው ነው፣ ጋሼ።" ክፉ ልጅ አልነበረችም፤ ፊቱን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "የመንግሥቱ የከብት ሕክምና ጣቢያ ሐሙስ ሐሙስ በነፃ ያያል ሲሉ ሰምቻለሁ።"

የዚያን ዕለት ማምሻውን ልጁ ደወለች። "ሻለቃ እንዴት ነው?" ስትለው ሳያስበው "ደህና ነው" አለ። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለምን እንደዋሸ ለራሱም አልገባው አለ።

ሐሙስ ዕለት ሳፋውን ታቅፎ ሲደርስ ጣቢያው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። ላሞች፣ በጎች፣ አንድ የሚያነክስ አህያ። አንደኛው መስኮት ላይ ያለው ጸሐፊ ሳፋው ውስጥ አጮልቆ አየና ዝርዝሩን በጣቱ እየተከተለ ወረደ። "ከብት፣ በግና ፍየል፣ የጋማ ከብት፣ ውሻና ድመት፣ ዶሮ። ኤሊ የለም። ሦስተኛ መስኮት ይሂዱ።"

ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ ደነገጠች። "ኤሊ እኮ የዱር እንስሳ ነው፤ ፈቃድ አለዎት?"

"እኔ ቤት ነው ያደገው። ዱር አይቶም አያውቅ።"

"ታዲያ የቤት እንስሳ ከሆነ እዚህ ምን ሊያደርጉ መጡ? አንደኛ መስኮት ነዋ!"

ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። በመጨረሻ ጸሐፊው ራሱ ሰለቸው። "ጋሼ፣ እኔ ዶሮ ብዬ ልጽፈው ነው። ውስጥ ይጨራረሱ።"

ሰዓት ሠሪው አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። "ዶሮ የያዙ!" ተብሎ ተጠራ፤ ዝም አለ። "ዶሮ የያዙ አባት!" ተባለ፤ እሱም እንደሌላው ሰው ዶሮ የያዘውን ሰው ዞር ዞር ብሎ ፈለገ። በሦስተኛው ላይ ነው ብድግ ያለው።

ሐኪሟ ቦቲ ጫማ ያደረገች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች ወጣት ናት። ወረቀቱን አየች፤ ሳፋውን አየች፤ እንደገና ወረቀቱን አየች።

"ዶሮዋስ?"

"ዶሮ የለም፣ ዶክተር። ዶሮ ብሎ የጻፈው መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ነው።"

ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ሰብሰብ አለችና "እውነቱን ልንገርዎት፣ ኤሊ አክሜ አላውቅም" አለችው። "ግን እስቲ ይንገሩኝ፤ ምን ምን ሆነ?"

ነገራት። መቧጠጡ ላይ ሲደርስ አስቆመችው።

"በየትኛው እግሩ ነው?"

"በኋላዎቹ፤ ጀርባውን ሰጥቶ።"

"ግቢዎ አፈር አለው?"

"የለውም፤ ሲሚንቶ ነው።"

ሻለቃን ከፍ አድርጋ ያዘችና ከኋላ እግሩ ፊት ያለችውን ለስላሳ ቦታ በጣቷ ቀስ ብላ ዳሰሰች። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሆዱን አየች፤ ጭራውን አየች። "ወንድ ነው ያለዎት ማነው?"

"ልጄ… ማለት፣ ማንም አላለም። ሻለቃ ነዋ!"

"ሻለቃዎ ሴት ናት። እንቁላል ይዛለች።"

"ከማን?" አለ ሰዓት ሠሪው። "ከግቢ ወጥታ አታውቅም እኮ!"

"ከማንም አይደለም። ዶሮስ ያለ አውራ ትጥል የለ?"

"ታዲያ ጸሐፊው ልክ ነበር ማለት ነው?"

ሐኪሟ የቀድሞ መምህሯ ጋ እየደወለች ነበር። ረጅም ጊዜ አወራች፤ ሻለቃን በዶሮ ሚዛን መዘነች፤ ላሞች ሲወልዱ የሚወጉትን ካልሲየም በትንሿ መርፌ ጠብታ ያህል ቀድታ ወጋቻት። "የምትቆፍረው ስላጣች ነው እንቁላሉን ሳትጥል የያዘችው። ለስላሳ አፈር፣ ሁለት ስንዝር ጥልቀት ያለው፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ያዘጋጁላት። ጣለችም አልጣለችም ሐሙስ ይመለሱ። ከበረታባት ግን ሐሙስን አይጠብቁ።"

ሰዓት ሠሪው ከአሮጌ ቁም ሣጥን መሳቢያ ሣጥን ሠራ፤ አፈር ሞላው። ጠጉር አስተካካዩ መጥቶ አንገቱን ነቀነቀ። "ተሸውደሃል። ፊቱን እየው እስቲ፣ ይሄ ሴት ይመስላል?" ሰዓት ሠሪው ፊቷን አየ። ወንድም ሴትም አልመስል አለችው።

ዓርብ ምንም የለም። ቅዳሜ ሣጥኑ ውስጥ ገብታ ተኛች። እሑድ ረፋድ ላይ መቆፈር ጀመረች። ሰዓት ሠሪው በርጩማ አምጥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ። ነጭ፣ ድቡልቡል እንቁላል ጠብ አለ። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሦስተኛ። ከዚያ አፈሩን በኋላ እግሮቿ መልሳ ደፍና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ሰላጣዋ ሄደች። ሰውዬው ለምን እንደሆነ ሳያውቀው ዓይኑ እንባ ሞላ።

ለልጁ ደወለና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የዋሸበትንም ጭምር ነገራት።

"አባዬ፣" አለች፣ "ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ 'አንተ' ስላት ሰምታኝ ዝም አለች?"

ሐሙስ ሐኪሟ ደብተር ይዛ ጠበቀችው። ስንት ሰዓት ፈጀ? ምን ያህል ቆፈረች? በየስንት ደቂቃው? ሰዓት ሠሪው ስትጥል ሰዓቱን ሲያይ ነበርና፣ አንድ በአንድ መለሰላት።

"ሦስት ብቻ?" አለች ድንገት ብዕሯን አቁማ። "እኔ አራት የዳሰስኩ መስሎኝ ነበር።"

"ሦስት ነው። አፈሩን በእጄ አብጥሬ አይቻለሁ።"

ጣቷን መልሳ ወደ ለስላሳዋ ቦታ ሰደደች። ዓይኗን ጨፈነች። እሱም አብሯት ጨፈነ።

"የለም… ወይም አንዱን ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ትበላለች?"

"ከእጄ ነጥቃ።"

"እንግዲያው ሣጥኑን አያንሱት። የሚመጣው ሐሙስ እንደገና እንያት።"

"ካርዱ ላይ አሁንስ ምን ተብላ ትጻፍ?"

ሐኪሟ ወረቀቱን አገላብጣ ጥቂት አሰበችና "ለጊዜው ዶሮ ሆና ትቆይ" አለችው። ሰዓት ሠሪው ሳፋውን አቅፎ ወጣ፤ ይደሰት ወይስ ይስጋ ሳይወስን፣ መንገድ ላይ ሁለት እስር ሰላጣ ገዛ።