የሳህሌ እጅ

ሥርጉት ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አቅቷታል። አቃቂ ያለው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ፣ የቆመ የሽመና ማሽን እንደገና ከመነሳቱ በፊት ሠራተኛውን የሚያስጠነቅቅ ጩኸት ሥሪልን ብሏታል። ጩኸቱን ሳይሰማ እጁን ማሽን ውስጥ የከተተ ሰው እጁን ያጣል። ድምፅ አመንጪው ኦሲሌተር ተሠርቶ አልቋል፤ የቀረው ሳይን እና ስኩዌር ከሚባሉት ሁለት የድምፅ ሞገዶች የትኛውን ያውጣ የሚለው ነው። ሳይን አንድ ወጥ ናት፣ ለስለስ ትላለች። ስኩዌር ግን ብዙ ድምፅ ስለታጨቀባት ጆሮ ትበሳለች።

የፈረቃ ኃላፊው አቶ የሺዋስ ምርጫቸውን ጨርሰዋል። "ሳይኗ ትሁን፤ ያቺኛዋ ራስ ታዞራለች" አሏት። ከቢሮው መስታወት ጀርባ ለሚውል ሰው መቼስ ሁሉም ነገር ለስለስ ቢል ደስ ይለዋል። ሥርጉትም ሳይኗን ወዳታለች፤ ግን አባቷ ሳህሌ እዚያው ማሽን ላይ ነው የሚሠራው፤ ልቧ አላርፍ አለ።

"ማሽኖቹ እየሠሩ እንሞክራት፤ የሰማ እጁን ወደ ላይ ያውጣ" አለች።

ከቢሮው ሆና ሳይኗን ለቀቀቻት። ከአባቷ ፊት ለፊት የሚሠራው ለሜሳ እጁን አወጣ። አባቷም አወጣ፤ ትንሽ ዘግየት ብሎ። ደገመችው። አሁንም መጀመሪያ ለሜሳ፣ ቀጥሎ አባቷ። ድምፁን አጥፍታ ሁለቱን ማየቷን ቀጠለች። ለሜሳ ኮፍያውን ሊያስተካክል እጁን አነሳ። አባቷ እጁን አወጣ።

ቤት ውስጥ ስትጠራው ዝም ሲላት ስንቴ አኩርፋዋለች። ቴሌቪዥኑን ሲያስጮኸው ስንቴ ተነጫንጫበታለች። ለካ ንቋት አልነበረም። አሁን አፏን ብትከፍት ደግሞ ነገ ከሥራ ያስወጡታል።

ወደ ስኩዌር ቀየረችው። ለሜሳ ጆሮውን ያዘ። አባቷ ግን ቀና አለና ማንንም ሳያይ እጁን አወጣ።

"ሰዉን ልታሳብጂው ነው?" አሉ አቶ የሺዋስ።

"ሳይን አንድ ድምፅ ብቻ ናት፤ ያቺ ጆሮ ካልገባች አለቀ። ስኩዌር ብዙ ነች፤ አንዱ ባይሰማ ሌላው ይሰማል። እሷ ትሁን።"

"በሳይኗም እኮ ሁሉም እጁን አውጥቷል። ማን ነው ያልሰማው?"

ሥርጉት በመስታወቱ ውስጥ አባቷን አየችው። ደስ ብሎት እጁን ገና አላወረደም።

"እኔ ነኝ ያልሰማሁት" አለች።