በብብት የሞቀ ብልቃጥ

ፀሐይቱ አንዴ ከያዘች መልቀቅ አታውቅም። ላቦራቶሪ ውስጥ የደም ካንሰር ሕዋሳት ታረባለች። እነዚህ ጉደኞች እንደ ጤነኛ የደም ሕዋስ አድገው ሥራ መያዝ ሲገባቸው፣ ጨቅላ እንደሆኑ መባዛት ብቻ ነው የሚያውቁት። አንድ ኬሚካል ጠብ ሲደረግባቸው ግን በአምስት ቀን ይበስላሉ፤ መባዛቱንም ይተዋሉ። እሷ ማወቅ የፈለገችው፣ ተባዙ ተባዙ እያለ የሚወተውታቸው ጂን ያን ጊዜ ጸጥ ይል እንደሆነ ነው። ሁለቴ ሞክራ ሻጋታ በላባት። አሁን የቀራት አንድ ብልቃጥ ብቻ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. አንድ እሑድ ጠዋት፣ አምስተኛው ቀን ሊሞላ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ልደታ አካባቢ መብራት ጠፋ። ማሞቂያው ቀጥ አለ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። ሕዋሳቱ ደግሞ ከሰው ገላ ሙቀት ዝቅ ካሉ ልፋቷ ሁሉ ገደል ገባ! በዚያ ላይ የቀበሌ ስብሰባ አለ፤ ሁለቴ ቀርታለች፣ ሦስተኛው ያሳስራል። «እንግዲህ የቸገረው ምን ያደርጋል?» አለችና የታሸገውን ብልቃጥ ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ሹራብ ደርባበት ሄደች። ስም መቆጣጠሪያው ላይ በቀኝ እጇ ስለምትፈርም፣ የሸጎጠችው በግራ በኩል ነው።

አይ ፀሐይቱ! ይህን ሁሉ ዓመት ስብሰባ የተቀመጠች ሴት እንዴት ይህን ትረሳለች?

«ግራ እጅ ወደ ላይ!» አለ ሊቀመንበሩ፣ ጓድ ጋሻው፣ መፈክር ሊያሰማ። አዳራሹ በአንዴ ቡጢ በቡጢ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይባል፣ ፀሐይቱ ቀኟን አነሳች።

«ቀኝ? ጓድ ፀሐይቱ፣ በአብዮቱ ላይ ታላግጫለሽ?»

ፈርታለች፤ ክንዷ ግን ወይ ፍንክች! «ጓድ ሊቀመንበር፣ ብብቴ ሥር የደም ካንሰር አለ። ከበረደው ይሞትብኛል» ስትል፣ አጠገቧ የነበሩት ተንጋግተው ሸሹ።

«ታዲያ ይሙታ!» አለ አንዱ ከኋላ።

«መጀመሪያ እንዴት እንደሚበስል ያሳየኝና ይሙት!»

«ወይ ጣዪው፣ ወይ ግራሽን አንሺ!» ጋሻው ጠረጴዛውን ደበደበው።

ከሸሹት መሀል አንዲት አሮጊት ተመለሱ። አብነት ሰፈር ቅመም የሚሸጡት እትዬ መይሙና ናቸው፤ አምና በዚሁ በሽታ ልጃቸውን ቀብረዋል። «በይ አምጪው» አሉ። «የኔ ክንድ ቁርጥማት እንደያዘው ቀበሌው ያውቃል።» ብልቃጡን ደረታቸው ውስጥ ከተው ሻርፓቸውን ደረቡበት። ፀሐይቱም ግራዋን ሰቀለች፤ እንባዋም መጣ።

ስብሰባው ሦስት ሰዓት ፈጀ። እትዬ መይሙና አልተነቃነቁም። ሲያልቅም፣ እስከ ላቦራቶሪው ድረስ ብልቃጡን ለማንም አልሰጡም። ሲደርሱ መብራት መጥቶ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ፀሐይቱ የምርመራውን ፊልም ይዛ አብነት ሱቃቸው ሄደች። ፊልሙ ላይ ሁለት ነጥቦች ነበሩ፤ አንዱ ከኬሚካሉ በፊት ጂኑ ሲጮህ የሚያሳይ ድቅድቅ ጥቁር፣ ሌላው የአምስተኛው ቀን፣ ጂኑ ጸጥ ማለቱን የሚያሳይ፣ ካላስተዋሉት የማይታይ ስስ።

እትዬ መይሙና ፊልሙን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። «የልጄ ደም የትኛውን ይመስል ነበር?»

ፀሐይቱ መዋሸት አልቻለችም። ጥቁሩን አሳየቻቸው።

አሮጊቷ ጣታቸውን ስሱ ነጥብ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ መድኃኒት ሳይሆን ብትተዪው፣ አልምርሽም።»