በግቢው የወረደው ካምቢዮ

«ጋሼ፣ እስቲ ተነሣልኝ። የተቀመጥክበት ወንበር አይደለም፤ ካምቢዮ ነው።»

እናት ይህን ስትለው ታላቅ ወንድሟ ከበታቹ ያለውን ብርድ ልብስ ገለጥ አድርጎ አየና ብድግ አለ። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ለቅሶ ደራሹ በየተራ ሲቀመጥበት የሰነበተው፣ ሟቹ ልጇ ከሚኒባሱ አውርዶ፣ አቧራ እንዳይገባው ሸፍኖ በረንዳው ላይ ያኖረው ካምቢዮ ነበር።

«ታዲያ ሰው አይናገርም?» አለ፣ የሱሪውን መቀመጫ እያራገፈ።

«ለቅሶ ቤት ማን ተነሡ ይላል?» አለች ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ፣ ሻይ እየቀዳች። «እኔማ ትናንት ተቀምጬበት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እንደኔ ላለችው ወፍራም አስቦ ከብረት ያሠራው ነው ስል ነበር።»

እናት ፈገግ ልትል ቃጣትና ተወችው።

ሚኒባሱ ግቢው መሀል በግንድ ድጋፍ ላይ ተሰቅሎ ቆሟል። ወንበሮቹ ዙሪያውን ስለተደረደሩ፣ ሰዉ የሚያለቅሰው ለሱ ይመስል ነበር።

ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገ ጎታች መኪና ይመጣል። እንዳለ የሚወስደው ሰው አግኝቻለሁ፤ ፈታትቶ ይሸጠዋል። ዓይንሽ እያየው እንዴት ትችዪዋለሽ?»

«ፈታትቶ?»

«ሌላ ምን ይሁን? ካምቢዮ የሌለው መኪና እኮ ቆርቆሮ ነው።»

«ይገጠምና በራሱ ሞተር ይውጣ። ከዚያ ለፈለግኸው ስጠው።»

«ማን ይገጥመዋል?»

«ሽቦ።»

ሽቦ የልጇ ጓደኛ ነው፤ መካኒክ። ከቅጥነቱ የተነሣ ያለ ክሪክ መኪና ሥር ይገባል ይሉታል። ጥግ ተቀምጦ ሲሰማ ቆይቶ ተነሣ። «እማማ፣ እርስዎ ይፍቀዱ እንጂ አሁኑኑ እጀምራለሁ።»

«በለቅሶ ቤት ብረት ሊቀጠቀጥ?» አለ ወንድሟ። «ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ያለውን ይበል። ልጄ ጀምሮ የተወው ሥራ የለም።»

 መኪናውን እዚሁ ግቢ እንዲሠራ ያደረገችው እሷው ነበረች።

ካምቢዮው ሲበላሽ ሽቦ «ጎትተን ጋራዥ እንውሰደው፣ በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን» ብሎ ነበር። «እዚሁ ሥራው፤ ጥላው አለ፣ ሻይ አለ» ያለችው እሷ ናት። ልጇ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። በዘገየ ቁጥር በር ላይ ቆማ፣ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ በድምፁ ስትለይ ነው ያረጀችው። ስለዚህ ሚኒባሱ እምቢ ብሎ ግቢ ሲቀር በልቧ እሰይ አለች። ከመኪናው ሥር የወጡ እግሮቹን እያየች ምስር ስትለቅም ሰነበተች።

«አሁንስ የት ትሄድብኛለህ?» ትለዋለች።

«የኔ ገበያ ቆሞ አንቺ ትስቂያለሽ» ይላታል ከሥር። «እናት ነሽ ወይስ ትራፊክ ፖሊስ?»

«ምን አስቸኮለህ? ቀስ ብለህ ሥራ።»

ቀስ ብሎ ሠራ። ሲፈታው ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው የፍሪሲዮኑ ሸራ ተበልቶ አገኘው። የራሱ መኪና ቆሟልና አዲስ ሊገዛ በሰው የጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ የጭነት መኪናው ፍሬን እምቢ አለ። ሸራው ከነካርቶኑ፣ ሳይጫር ቤት ገባ። እሱ ግን እንደወጣ ቀረ። በጋራዥ ቢሆን በዚያች ቀን ሥራው አልቆ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ የሚያጽናናት ሰው ሁሉ «የእግዜር ሥራ ነው» ሲላት አንገቷን ትደፋለች።

ሽቦ አዲሱን ሸራ አስሮ ካምቢዮውን በክሪክ አነሣው። አልገባም። ዝቅ አደረገው፣ ሸራውን መሀል ለመሀል አስተካከለ፣ እንደገና አነሣ። ወንድሟ ሲያጉረመርም ቆይቶ ኮቱን አወለቀና በአንድ በኩል ደገፈለት። ለቅሶ ደራሾቹ ወንበራቸውን ሸሸት አደረጉ፤ ጨዋታቸውንም አቆሙ። በመጨረሻ ካምቢዮው ጠቅ ብሎ ገባ። ቡሎኖቹ ታሰሩ።

«የፍሪሲዮኑ ዘይት መስመር አየር ይዟል» አለ ሽቦ ከሥር። «አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥልኝ።»

«እኔ አለሁ» አለች።

«አንቺ?» አለ ወንድሟ።  ሚኒባሱ ላይ ወጥታ የሹፌሩ ቦታ ተቀመጠች። ወንበሩ ለረጅም እግር ወደኋላ ተገፍቷል፤ ጫፉ ላይ ካልተንሸራተተች እግሯ አይደርስም።

«ይርገጡ፣ እማማ።» ረገጠች። «ይያዙልኝ። አሁን ይልቀቁ።»

ደጋግመው እንዲሁ አደረጉ። ሽቦ ሥራው ሲበዛበት አክብሮቱን ረሳው።

«ርገጪ» አለ። «ያዢ።»

ያዘች። ድምፁ እንደ ልጇ ከወለሉ ሥር ነው የሚመጣው፤ ፊት የለውም።

«በቃ፣ አለቀ። ልቀቂ።»

 ወንድሟ በመስኮቱ አያትና ዓይኑን መለሰ።

«እማዬ፣ ልቀቂ እንጂ።»

 ጉልበቷን በሁለት እጇ ያዘችና ፔዳሉን ይበልጥ ተጫነችው።